የባሕር ዳር ትምህርት ቤቶች፦ ከማለፊያው መቶኛ ጀርባ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ባሕር ዳር ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ያው ነው፤ «እነሱ ጋ ስንት አለፈ?» መልሱ በመቶኛ ይመጣል። ትምህርት ቤቶች በዚያው ይደረደራሉ፣ ወላጅም ለሚቀጥለው ዓመት ልጁን ወዴት እንደሚያዛውር በዚያው ይቆርጣል። መቶኛው ግን ብቻውን ሲነበብ ያሳስታል። እንዴት እንደሚያሳስት ለማየት መጀመሪያ የአገር አቀፉን ቁጥር እንያዝ።

ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 የትምህርት ዘመን ወዲህ የፈተናውን ነጥብ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡ ተፈታኞች በቅደም ተከተል 3.3፣ 3.2፣ 5.4 እና 8.4 በመቶ ሆነዋል (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)። ላይ ላዩን ሲታይ ከእጥፍ በላይ መሻሻል ነው። ዝርዝሩ ግን ሌላ ነገር ይጨምራል። በ2014 ወደ 896 ሺህ ተማሪ ተፈትኖ 29,909 አለፈ፤ በ2017 ወደ 586 ሺህ ተፈትኖ 48,929 አለፈ። ያለፉት በቁጥር የጨመሩት በ64 በመቶ ገደማ ነው። መቶኛው ከዚያ አልፎ የዘለለው ተፈታኙ ከ300 ሺህ በላይ ስለቀነሰ ነው። ያለፉት ያው 48,929 ሆነው የተፈታኙ ብዛት እንደ 2014 ቢሆን ኖሮ መቶኛው 5.5 ላይ ይቆም ነበር። ወደ 19 ሺህ የሚጠጋ ተጨማሪ ልጅ ማለፉ እውነት ነው፤ ከ3.3 ወደ 8.4 ከተደረገው ዝላይ ከግማሽ በላዩ ግን ከተፈታኝ ማነስ የመጣ ነው።

ከቀነሱት ተፈታኞች አንዱ ክፍል የእኛው ክልል ልጅ ነው። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተስፋፋው ግጭት ከ3,000 በላይ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በ2017 ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደነበሩ ተዘግቧል። ፈተና ያልደረሰ ልጅ አልወደቀም፣ አላለፈምም፤ ከሒሳቡ ወጥቷል። ስለዚህ «ክልሉ ዘንድሮ ተሻሻለ» ወይም «ወረደ» የሚል ዜና ሲነበብ ከመቶኛው በፊት የተፈታኙን ቁጥር መፈለግ ይገባል።

ያው ስሌት በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥም ይሠራል። አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በአንደኛ ክፍል 100 ልጆች ተቀበለ እንበል። በየዓመቱ 7 በመቶ ብቻ ቢያቋርጡ፣ ይህ በሪፖርት ላይ ትንሽ ቁጥር ነው፣ ስምንተኛ ክፍል የሚደርሱት 60 ናቸው። ከ60ዎቹ 54ቱ ክልላዊውን ፈተና ቢያልፉ ትምህርት ቤቱ «90 በመቶ አሳለፈ» ተብሎ ይጨበጨብለታል። ከገቡት አንጻር ግን ያለፉት 54 በመቶ ናቸው። ሌላው ትምህርት ቤት በ2 በመቶ ማቋረጥ 87 ልጆች አድርሶ 65ቱን ቢያሳልፍ መቶኛው 75 ሆኖ ከፊተኛው በታች ይቀመጣል። የትኛው ነው የተሻለ የሠራው? ለእኔ ሁለተኛው ነው፤ በአደባባይ የሚሸለመው ግን ፊተኛው ነው።

ማቋረጥ ደግሞ በቀላሉ የሚደበቅ ነገር ነው። መስከረም ላይ የተሞላው መዝገብና ሰኔ ላይ የተሞላው ሮስተር ሲተያዩ የጎደለው ልጅ ከስሙ ትይዩ «ዝውውር» ተብሎ ይገኛል። የተዛወረ ተማሪ መልቀቂያ ይወስዳል፤ የመልቀቂያው ቀሪም በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ፋይል ውስጥ ይቀራል። «ዝውውር» ተብለው የተመዘገቡትን ስሞች ከመልቀቂያ ቀሪዎች ጋር ማነጻጸር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። መልቀቂያ ሳይወስድ «ተዛወረ» የተባለ ልጅ አቋርጧል ማለት ነው። ሁለተኛው መደበቂያ የማታው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ደካማ ተማሪ ወደ ማታ ሲገፋ የቀኑ መቶኛ ይነጻል። ሦስተኛው 11ኛ ክፍል ላይ ጠንከር ያለ ማጣሪያ ማድረግ ነው። ይህኛው ሕግ የጣሰ ላይሆን ይችላል፣ የ12ኛውን ቁጥር ግን ያሳምረዋል።

ማን ነው የሚማረው?

ባሕር ዳር በስድስት ክፍለ ከተሞች የተከፈለች ናት፦ በላይ ዘለቀ፣ ጣና፣ ዳግማዊ ምኒልክ፣ ፋሲሎ፣ ግሽ ዓባይና አፄ ቴዎድሮስ። በዙሪያዋ ደግሞ ዘጌ፣ መሸንቲ፣ ጢስ ዓባይና ዘንዘልማ አሉ። በመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ፣ በ1999፣ የባሕር ዳር ልዩ ዞን ሕዝብ 221,991 ነበር፤ ከተማዋ ራሷ 155,428። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። እንግዲህ «ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሱ ልጆች» የሚባለው ቁጥር ከሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በፊት ከተቆጠረ ሕዝብ እየተሰላ የሚመጣ ትንበያ ነው። ትንበያው የውልደትን ነገር በመጠኑ ይይዛል፤ የፍልሰትን ግን አይችለውም። ከተማዋ ያደገችው ደግሞ በአብዛኛው በፍልሰት ነው።

ለዚህ ነው የከተማ የተሳትፎ ሪፖርት አንዳንዴ ከመቶ በላይ የሚወጣው። ጥቅል ተሳትፎ ማለት በክፍል የተመዘገቡት ሁሉ፣ ዕድሜያቸው ምንም ይሁን ምን፣ ለዕድሜው ለደረሱት ሲካፈሉ ነው፤ ንጥር ተሳትፎ ዕድሜያቸው የደረሱትን ብቻ ይወስዳል። አካፋይ የሆነው ትንበያ ካነሰ ሁለቱም ያብጣሉ። 110 በመቶ ተሳትፎ አስመዘገብን ብሎ ሪፖርት ያቀረበ ጽሕፈት ቤት ሁሉም ልጅ ገብቷል ማለቱ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የልጆቹን ብዛት በትክክል አያውቀውም ማለት ነው።

በትንበያው ያልተጠበቁት እነማን ናቸው? አንደኛው ወገን ከገጠር የመጣው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ከባሕር ዳር ዙሪያ ወረዳ፣ ከሐይቁ ማዶ፣ ከደቅ ደሴት ሳይቀር የሚመጣ ልጅ ሦስት አራት ሆኖ አንዲት ክፍል ይከራያል። ስንቁን ከቤት ያመጣል፣ ስንቁ ሲያልቅ ዓርብ ወደ አገሩ ይሄዳል፣ ሰኞ ይቀራል ወይም ከረፋዱ ይገባል። የሰኞ መጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ የተመደበበት ሴክሽን ከሌላው ያነሰ ውጤት ቢያመጣ መምህሩ ላይ ከመፍረድ በፊት የስም ጥሪውን ማየት ያስፈልጋል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ስንቁም ኪራዩም ይቋረጣል፤ ተማሪውም አብሮ።

ሁለተኛው ወገን የማታው ነው። የቀን ሥራ ላይ ያሉ ወጣቶችና በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ልጆች ማታ ይማራሉ። የአሠሪዋ እራት ከዘገየ ትምህርቱም ይዘገያል፤ የጸጥታው ሁኔታ እንቅስቃሴን በሰዓት ሲገድብ መጀመሪያ የሚታጠፈው የእነሱ ክፍል ነው። ሦስተኛው ወገን ተፈናቃዩ ነው። ዘንዘልማ አካባቢ ከነበረው መጠለያ ጀምሮ በዘመድ ቤት እስከተጠጋው ድረስ ያለው ልጅ ማስረጃው ቀርቷል፤ ርዕሰ መምህሩ ወይ በምዘና ፈተና ክፍሉን ወስኖ ይቀበለዋል፣ ወይ «መልቀቂያ አምጣ» ብሎ ይመልሰዋል። በምዘና መቀበል ትክክሉ ነው፤ ግን ልጁ መስከረም ላይ በቀረበው ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ መጽሐፍም በጀትም ሳይያዝለት ይቀመጣል።

ይህን ሁሉ በአንድ ሚዛን አስቀምጦ፣ በሌላው ላይ በመግቢያ ፈተና መርጠው የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችን ማስቀመጥና «የመንግሥት ትምህርት ቤት ሰነፍ ነው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። 60 የተመረጡ ልጆች አስፈትኖ 55 ማሳለፍና 400 ያልተመረጡ አስፈትኖ 40 ማሳለፍ በመቶኛ አይወዳደሩም። የሚወዳደሩት ልጆቹ በስምንተኛ ክፍል ካመጡት ውጤት ተነስቶ አራት ዓመት ውስጥ ስንት ጨመሩ በሚለው ነው፤ ይህን ደግሞ የሁለቱንም ፈተና ውጤት በስም አያይዞ የሚያሰላ ካለ ብቻ ነው የሚታወቀው። ሥራው የሚጠይቀው አንድ ኮምፒውተርና አንድ ታጋሽ ሰው ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ላይ ደግሞ ሌላ ገደል አለ። በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ ታሪኩን ሳይቀር በእንግሊዝኛ ያገኘዋል። በ2015 ሥርዓተ ትምህርቱ ሲቀየር የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ስላልደረሰ ብዙ ተማሪ መጽሐፉን በስልክ፣ በቴሌግራም ከተላከ ፋይል ሲያነብ ነበር። ወዲያው ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋረጠ። በ2016 እና በ2017 ለተፈተነው ትውልድ ይህ ተራ ማመካኛ አይደለም።

ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ

ፌዴራል መንግሥቱ ለክልሎች ጥቅል ድጎማ ይሰጣል፤ ክልሉ በራሱ ቀመር ለወረዳዎችና ለከተማ አስተዳደሮች ያከፋፍላል፤ ከተማው የራሱን ገቢ ጨምሮ በምክር ቤቱ ያጸድቃል። የትምህርቱ ድርሻ በሦስት ይከፈላል፦ ደመወዝ፣ ሥራ ማስኬጃ፣ ካፒታል። ደመወዙ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። መምህር በተቀጠረ ወይም በደረጃ ዕድገት ከመለስተኛ መምህር ወደ መምህር፣ ከዚያም ወደ ከፍተኛ መምህር በወጣ ቁጥር ወጪው ይጨምራል። ባሕር ዳር ደግሞ ከየወረዳው በዝውውር የሚመጡ ነባር መምህራን ማረፊያ ስለሆነች በአንድ መምህር የምትከፍለው ከገጠር ወረዳ ይበልጣል። ነባር መምህር ማግኘቷ ለተማሪው ደግ ነው፤ ለሥራ ማስኬጃው ግን አይደለም።

በቁጥር እንየው። ከ2018 መስከረም ጀምሮ የዲግሪ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል፤ በዓመት 138,000 ብር። አንድ መምህር አንድ የታችኛ ክፍል ቢይዝና በስታንዳርዱ መሠረት 50 ልጆች ቢኖሩት የደመወዝ ወጪው በልጅ 2,760 ብር ነው። ያው ክፍል 70 ልጆች ቢታጨቁበት 1,971 ብር ይሆናል። በወረቀት ላይ «ወጪ ቆጣቢ» የሚመስለው የተጨናነቀው ክፍል ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ስታንዳርዱ 40 ተማሪ ነው፤ አንድ ሴክሽን በሳምንት 35 ክፍለ ጊዜ ኖሮት አንድ መምህር 25 ቢሸከም ለሴክሽኑ 1.4 መምህር ያስፈልጋል፤ በመነሻ ደመወዝ እንኳ 193,200 ብር፣ በተማሪ 4,830 ብር። አዲስ ሴክሽን መክፈት ማለት ይህን ገንዘብ መጨመር ስለሆነ፣ ከመስከረም በኋላ የመጡት ልጆች አዲስ ክፍል ሳይከፈትላቸው በነባሮቹ ሴክሽኖች ውስጥ ይበተናሉ። በሦስት ሰው ዴስክ ላይ አራት ሲቀመጥ ዳር ላይ ያለው ልጅ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል።

ከደመወዝ የተረፈው ምን ያህል እንደሚያራምድ ለማወቅ የፈተና ወረቀትን ብቻ ማስላት ይበቃል። 1,200 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት፣ 8 የትምህርት ዓይነት፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ 2 ቅጠል ወረቀት፣ በመንፈቅ ዓመት አጋማሽና ማጠቃለያ ተብሎ 2 ፈተና፤ ድምሩ 38,400 ቅጠል ነው። 500 ቅጠል በሚይዘው ደስጣ ሲሰላ በመንፈቅ 77፣ በዓመት 154 ደስጣ ይሆናል። ቀለሙ፣ የማባዣው ጥገና፣ መብራት ሲጠፋ ውጭ የሚባዛበት ሁሉ ከዚያ ውጭ ነው። ሥራ ማስኬጃው ይህን ካልቻለ ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ሠንጠረዥና ሥዕል ያለው ጥያቄ ይቀራል፣ ፈተናው የቃላት መሸምደጃ ይሆናል። ሁለተኛ፣ አንድ ጥያቄ ለሁለት ለሦስት ተማሪ ይታደላል፤ መኮራረጅ በአዋጅ ተፈቀደ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ወረቀቱ ተሰብስቦ ለከሰዓቱ ፈረቃ ይሰጣል፤ የጠዋቱ ተማሪ ከግቢ ሳይወጣ ጥያቄው ለከሰዓቱ ደርሷል። ከዚያ በክፍል ፈተና 80 ሲያመጣ የኖረ ልጅ በአገር አቀፉ ከ600 180 ሲያመጣ ሁሉም ይደነግጣል። ሊደነገጥ የሚገባው ግን በ80ው ነበር።

ከበጀት ውጭ ያሉት ምንጮች ሁለት ናቸው። አንዱ በተማሪ ቁጥር የሚታሰበው የትምህርት ቤት ድጎማ ነው። በ2001 ከተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ጋር የመጣ ሲሆን መሠረቱ ያለፈው ዓመት የተማሪ ስታቲስቲክስ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ በሚጨምርበት የከተማ ዳር ትምህርት ቤት ገንዘቡ ሁልጊዜ አንድ ዓመት ወደኋላ ይቀራል። ሌላው የውስጥ ገቢና መዋጮ ነው፦ የሻይ ክበብ ኪራይ፣ የሣር ሽያጭ፣ የባሕር ዛፍ ካለ እሱ፣ ወላጅ በወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ተስማምቶ የሚያዋጣው። ከ2015 ወዲህ «ትምህርት ለትውልድ» በሚል የሚሰበሰበው ለግንባታና ለጥገና ይውላል። ልዩነቱ የሚሰፋው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ በበዛበት ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ለጥበቃ፣ ለማባዣ፣ ለተጨማሪ ትምህርት የሚሆን ገንዘብ በአንድ ስብሰባ ያሰባስባል። ጢስ ዓባይ ወይም ዘጌ ላይ ወላጁ የሚያዋጣው ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ነው፤ በድንጋይ ወረቀት አይገዛም። ደመወዙን መንግሥት እኩል ይከፍላል፤ ጥራቱን የሚወስነውን ቀሪ ገንዘብ ግን ሰፈር ይወስነዋል።

ገንዘብ ኖሮም የሚቀርበት ጊዜ አለ። ግዥው የሚያልፈው በፋይናንስ ፑል (የበርካታ መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብና ግዥ በአንድ ላይ በሚይዝ ክፍል) ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ጥቅምት ላይ የጠየቀው ማርከርና ወረቀት ጥር ላይ ሊደርስ ይችላል። ዝርዝር መግለጫው ጎድሎ የተመለሰ የግዥ ጥያቄ ሌላ ወር ይበላል። ሰኔ ላይ «በጀት ሊቃጠል ነው» ተብሎ በጥድፊያ የሚገዛው ዕቃ ደግሞ ያኔ ገበያ ላይ የተገኘው ነው፤ የፊዚክስ ቤተ ሙከራው የጠየቀው አይደለም። መጠየቂያውን ከነመግለጫው ሐምሌ ውስጥ ያስገባ ርዕሰ መምህር ከሌላው በብዙ ሳምንታት ይቀድማል።

ኢንስፔክሽን የሚለካውና የማይለካው

ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች ይመዘናሉ፤ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛል። ከ50 በመቶ በታች ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ያልሞላ ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ያልሞላ ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ነው፤ ስታንዳርዱን አሟላ የሚባለው ከደረጃ 3 ጀምሮ ነው። ብዙ ወላጅ የሚጠይቀው ደረጃውን ብቻ ነው። ከደረጃው ይልቅ የሚጠቅመው የሦስቱ ንዑስ ውጤት ነው። ሁለት ትምህርት ቤቶች ደረጃ 2 ሆነው አንደኛው በግብዓት ወድቆ በሂደት ጥሩ ሊሆን ይችላል፦ ግድግዳው ጭቃ፣ መምህሩ ብርቱ። ሌላው አጥሩ ያማረ፣ የክፍል ክትትሉ ባዶ። ለመጀመሪያው ገንዘብ ይበጀዋል፤ ለሁለተኛው ገንዘብ ቢጨመር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ወላጅ በወተመህ ስብሰባ ላይ ምን ቢጠይቅ ነው ጠብ የሚል መልስ የሚያገኘው? «ለምን ውጤት ዝቅ አለ?» ብሎ መጠየቅ ስለ ተማሪ ሥነ ምግባርና ስለ ወላጅ ክትትል ረጅም ንግግር ያስከትላል። በወረቀት የሚመለስ ጥያቄ ይሻላል። የዚህ ዓመት የመስከረም ምዝገባና የሰኔ ሮስተር በክፍልና በጾታ ተለይቶ ይቅረብ፤ በጎደሉት ስሞች ልክ የመልቀቂያ ቀሪ ይታይ። በእያንዳንዱ ሴክሽን ስንት ተማሪ እንዳለ ይነገር፤ አማካይ አይበቃም፣ አማካይ 52 ሆኖ አንዱ ሴክሽን 74 ሊሆን ይችላልና። ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛን የሚያስተምሩት በየትኛው የትምህርት ዓይነት እንደተመረቁ ይገለጽ። የጸደቀው ሥራ ማስኬጃ ስንት ነው፣ ስንቱ ወጣ፣ ስንቱስ ተመላሽ ሆነ? በመጨረሻም የትምህርት ቤቱ የክፍል ፈተና አማካይና የክልላዊው ፈተና አማካይ ጎን ለጎን ይቀመጡ። በሁለቱ መካከል ከ20 ነጥብ በላይ ልዩነት ካለ ጥያቄው ስለ ልጆቹ ሳይሆን ስለ ፈተና አወጣጡና አሰጣጡ መሆን አለበት።

ከ2016 ጀምሮ የ12ኛው ፈተና ከፊሉ በኮምፒውተር እየተሰጠ ስለሆነ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በዓመት ስንት ሰዓት ኪቦርድ ነካ? 20 የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ላሉት ትምህርት ቤት 400 ተፈታኝ በ20 ዙር ይገባል፤ እያንዳንዱ ዙር 40 ደቂቃ ቢሆን ሁሉም አንዴ ለመንካት 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል፤ በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢሰጠው 10 የትምህርት ቀን ነው። ይህ በቅዳሜ መርሐ ግብር ሊሞላ የሚችል ነገር ነው፤ ቤተ ኮምፒውተሩን የሚከፍትና ጄኔሬተር ካለ ነዳጁን የሚሸፍን ሰው ከተመደበ።

የጊዜውን ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ምክር ቤቱ ፊት የሚቀርበው ረቂቅ ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ተሠርቶ ያለቀ ነው። የአዲስ ሴክሽን፣ የተጨማሪ መምህር፣ የወረቀት ጥያቄ እስከ ግንቦት አጋማሽ በጽሑፍ፣ በቃለ ጉባኤ ታስሮ፣ በክፍለ ከተማው በኩል ለከተማው ትምህርት መምሪያ ካልደረሰ መስከረም ላይ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው፦ «በጀት አልተያዘም»። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ከሌላ የሥራ ክፍል በጀት ማዛወር ነው፤ እሱም የሚቻለው ከተማው ካጸደቀና ሊዛወር የሚችል ገንዘብ ካለ ነው።